ከሚያምረው ምስል በስተጀርባ፦ የጥንካሬ ስሌት መረጃን ከምንጩ የማቆየት ፋይዳ

ነሐሴ 17 ቀን 1983 ዓ.ም. በኖርዌይ ስታቫንገር ከተማ አቅራቢያ በሚገኘው የጋንድስ የባሕር ሰርጥ ውስጥ አንድ ግዙፍ የኮንክሪት መዋቅር ሰጠመ። “ስላይፕነር ኤ” የተሰኘው ይህ መዋቅር በሰሜን ባሕር 82 ሜትር ጥልቀት ባለው ስፍራ ላይ ለሚተከል የጋዝና የነዳጅ ማውጫ መድረክ መሠረት እንዲሆን የተገነባ ነበር። መዋቅሩ እርስ በርስ የተያያዙ 24 ባዶ የኮንክሪት ክፍሎች የነበሩት ሲሆን፣ በጠቅላላው 16 ሺህ ካሬ ሜትር ያህል ስፋት ይሸፍን ነበር። ከነዚህም ውስጥ አራቱ ወደ ላይ ረዝመው መድረኩን የሚሸከሙ ምሰሶዎች እንዲሆኑ ተደርገው ተሠርተዋል።

አደጋው የደረሰው መዋቅሩ ከመድረኩ ጋር ከመገጣጠሙ በፊት ውሃ እየተሞላ ቀስ በቀስ ወደ ታች እንዲወርድ በሚደረግበት ፍተሻ ወቅት ነው። ከክፍሎቹ የአንዱ ግድግዳ ተሰነጠቀ፤ በስንጥቁ የገባው ውሃም ከፓምፖቹ አቅም በላይ ሆነ። መዋቅሩ እየሰጠመ ሲሄድ ተሰባብሮ ከባሕሩ ወለል ጋር ሲላተም በሬክተር መለኪያ 3 የተመዘገበ የምድር መንቀጥቀጥ አስከትሏል። በ220 ሜትር ጥልቀት ላይ የቀረው የፍርስራሽ ክምር ብቻ ነበር። በአደጋው የሰው ሕይወት ባይጠፋም የደረሰው ኪሳራ ወደ 700 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ተገምቷል።

ከአደጋው በኋላ የተካሄደው ምርመራ የችግሩን ምንጭ ያገኘው በባሕሩ ውስጥ ሳይሆን በወረቀትና በኮምፒዩተር ላይ ነበር። ምርመራው በዋናነት ሁለት ምክንያቶችን ለይቷል። አንደኛው በክፍሎቹ መጋጠሚያ ላይ የነበረው የፌሮ አሠራር በቂ አለመሆኑ ነው። ሁለተኛው ደግሞ መዋቅሩ በኮምፒዩተር ሲሰላ የተከፋፈለባቸው ቁራጮች ቅርጽ ለስሌቱ የማይመች መሆኑ፣ ከዚህም ጋር የስሌቱ ውጤት ከወጣ በኋላ የተካሄደው ተጨማሪ የቁጥር ማቀነባበር ተደምሮ፣ ግድግዳዎቹን በመጋጠሚያቸው ላይ እንደ መቀስ ሊቆርጥ የሚሞክረው ኃይል 45 በመቶ ያህል ዝቅ ተደርጎ እንዲገመት ማድረጉ ነው።

ከሁለተኛው ምክንያት ውስጥ “ውጤቱ ከወጣ በኋላ” የሚለው ሐረግ ልዩ ትኩረት ያሻዋል። ኮምፒዩተር ያሰላው ቁጥርና በመጨረሻ በሪፖርት ላይ ሰፍሮ የሚነበበው ቁጥር ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። በሁለቱ መካከል የሚካሄደው ሥራ ለውሳኔ ሰጪዎች እምብዛም አይታይም። ስለሆነም ቀድሞ የተሰላው ቁጥር ከነምንጩ ተጠብቆ እንዲቆይ ማድረግ የቴክኒክ ባለሙያዎች ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባም፤ ግድብ፣ ድልድይና ሕንፃ የሚያሠሩ፣ የንድፍ ሰነድ የሚረከቡና መዛግብትን የሚጠብቁ መሥሪያ ቤቶችንም በቀጥታ ይመለከታል።

ስሌቱ እንዴት ይከናወናል?

በምህንድስናው ዓለም የግንባታዎችንና የማሽኖችን ጥንካሬ ለመፈተሽ በስፋት የሚሠራበት የስሌት ዘዴ “ፋይናይት ኤለመንት” ይባላል። ለዘዴው መሠረት ከጣሉት ሥራዎች አንዱ ተርነር፣ ክላፍ፣ ማርቲንና ቶፕ የተባሉ አራት ተመራማሪዎች የአውሮፕላን አካል ግትርነትን አስመልክተው እ.ኤ.አ. በ1956 ያሳተሙት ጽሑፍ ነው። ዘዴው አሁን የሚታወቅበትን ስም ያገኘው ደግሞ ሬይ ክላፍ እ.ኤ.አ. በ1960 ባቀረቡት ጽሑፍ አማካይነት ነው።

የዘዴው መሠረተ ሐሳብ ቀላል ነው። አንድን ግዙፍና ውስብስብ አካል በአንድ ጊዜ ማስላት ስለማይቻል፣ አካሉ በኮምፒዩተር ላይ በሺዎች ወይም በሚሊዮኖች ወደሚቆጠሩ ትናንሽ ቁራጮች ይከፋፈላል። እያንዳንዱ ቁራጭ “ኤለመንት” ይባላል፤ ቁራጮቹ የሚገናኙባቸው ማዕዘኖች ደግሞ “ኖድ” ይባላሉ። ኮምፒዩተሩ በቅድሚያ የሚያሰላው ጭነቱ ሲያርፍ እያንዳንዱ ኖድ ከነበረበት ቦታ ምን ያህል እንደተንቀሳቀሰ ነው።

ይሁን እንጂ የመሐንዲሱ ዋነኛ ጥያቄ “ኮንክሪቱ ወይም ብረቱ ምን ያህል ውጥረት አለበት?” የሚል ነው። የዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰላው በኖዶቹ ላይ አይደለም፤ በእያንዳንዱ ኤለመንት ሆድ ውስጥ በተመረጡ ጥቂት ነጥቦች ላይ ነው። እነዚህ ነጥቦች የኢንተግሬሽን ነጥቦች፣ በሌላ አጠራር የጋውስ ነጥቦች ይባላሉ።

ነጥቦቹ ስማቸውን ያገኙት ከታዋቂው ጀርመናዊ የሒሳብ ሊቅ ካርል ፍሪድሪሽ ጋውስ ነው። የአንድን ኤለመንት ግትርነት ለማወቅ በውስጡ ባለው ቦታ ሁሉ ላይ መደመር ያስፈልጋል፤ ቦታው ግን ስፍር ቁጥር የለውም። ጋውስ እ.ኤ.አ. በ1814 ባቀረበው ሥራ፣ ጥቂት ነጥቦችን በጥንቃቄ መርጦ ለእያንዳንዳቸው ተገቢውን ክብደት በመስጠት ከፍተኛ ትክክለኛነት ያለው ድምር ማግኘት እንደሚቻል አሳይቷል። ለምሳሌ ከመካከሉ እስከ ጫፉ 1 ተብሎ በሚለካ መስመር ላይ ሁለት ነጥቦች ብቻ ቢወሰዱ፣ ነጥቦቹ ከመካከል ወደ ግራና ወደ ቀኝ በ0.577 ርቀት ላይ ይቀመጣሉ። እነዚህ ሁለት ነጥቦች እስከ ሦስተኛ ደረጃ ያለን ማንኛውንም ፖሊኖሚያል ያለ ስህተት ለመደመር ይበቃሉ።

ይህ አሠራር ወደ ሦስት አቅጣጫ ሲሰፋ ስምንት ማዕዘን ያለው ጡብ መሰል ኤለመንት በተለምዶ 8 የጋውስ ነጥቦች ይኖሩታል። 20 ኖድ ያለው ጡብ መሰል ኤለመንት ደግሞ እንደ አሰላሉ 8 ወይም 27 ነጥቦች ሊኖሩት ይችላል።

እነዚህ ነጥቦች መደመሪያ ብቻ አይደሉም። የቁሱ ጠባይ የሚመረመረው በእነሱ ላይ ነው። ፕሮግራሙ ወደ እያንዳንዱ ነጥብ እየሄደ “እዚህ ቦታ ብረቱ ወደ ቀድሞ ቅርጹ ወደማይመለስበት ደረጃ ደርሷል ወይ? ኮንክሪቱ ተሰንጥቋል ወይ? ባለፈው ጭነት ጊዜ ምን ጉዳት ደርሶበት ነበር?” እያለ ይጠይቃል። የቁሱ ታሪክም በዚያው ነጥብ ላይ ተመዝግቦ ለሚቀጥለው የስሌት ደረጃ ይተላለፋል። ከዚህም በላይ ባርሎው የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1976 ባሳተመው ጽሑፍ፣ በኤለመንቱ ውስጥ የሚገኙ የተወሰኑ ነጥቦች ከሌላው ቦታ ይልቅ ትክክለኛ የውጥረት መጠን እንደሚሰጡ አመልክቷል። ባጭሩ ስሌቱ እውነቱን በቅርበት የሚናገረው በእነዚህ ነጥቦች ላይ ነው።

ምስሉና ቁጥሩ የሚለያዩበት ስፍራ

በሪፖርቶች ላይ የሚታየው ከሰማያዊ እስከ ቀይ ባሉ ቀለሞች የተዋበው ምስል ግን እነዚህን ነጥቦች አያሳይም። የምስል ማሳያ ፕሮግራሞች ቀለሙን አለስልሰው ለመቀባት የሚፈልጉት በኖዶቹ ላይ ያለ ቁጥር ነው። ስለዚህ በጋውስ ነጥቦች ላይ የተሰላው ውጥረት በሁለት ደረጃዎች ይለወጣል። በመጀመሪያ ከኤለመንቱ ውስጥ ወደ ማዕዘኖቹ በግምት ይራዘማል። ቀጥሎም አንድን ኖድ የሚጋሩ ጎረቤት ኤለመንቶች የሰጧቸው የተለያዩ ቁጥሮች ተደምረው አማካያቸው ይወሰዳል።

ጉዳዩን ከዝናብ መለኪያ ጋር ማነጻጸር ይቻላል። በአንድ አካባቢ የሚገኙ ጣቢያዎች በየዕለቱ የዘነበውን መጠን ይመዘግባሉ፤ ከመዝገቡም ተነሥቶ ባለ ቀለም ካርታ ይሣላል። ካርታው ጣቢያ በሌለበት ስፍራ ጭምር ቀለም አለው። በዚያ ስፍራ የሰፈረው ቁጥር ግን ግምት እንጂ ልኬት አይደለም። ካርታው ተቀምጦ የጣቢያዎቹ መዝገብ ቢጠፋ፣ የትኛው ተለክቶ የትኛው ተገምቶ እንደነበር ዳግም ማወቅ አይቻልም።

በጥንካሬ ስሌትም የሚሆነው ይኸው ነው። አንድ ምሳሌ እንውሰድ። 250 ሜጋ ፓስካል ሲደርስ እጅ የሚሰጥ፣ ከዚያ በላይ ውጥረት የማይሸከም ተደርጎ የተሰላ ብረት አለ እንበል። በአንድ ኤለመንት ውስጥ ባሉ ሁለት የጋውስ ነጥቦች ላይ 200 እና 250 ሜጋ ፓስካል ተሰልቷል። በነጥቦቹ በኩል ቀጥ ያለ መስመር ተስቦ ወደ ኤለመንቱ ጫፎች ቢራዘም በአንደኛው ጫፍ 181.7፣ በሌላኛው ደግሞ 268.3 ሜጋ ፓስካል ይገኛል። ሁለተኛው ቁጥር በስሌቱ ውስጥ የትም አልነበረም፤ ብረቱም ከተሰጠው ጠባይ አንጻር ሊደርስበት የማይችል መጠን ነው።

ችግሩ በዚህ አያበቃም። ያንኑ ኖድ የሚጋራው ጎረቤት ኤለመንት በበኩሉ 210 ሜጋ ፓስካል ሰጥቶ ቢሆን፣ የሁለቱ አማካይ 239 ገደማ ይሆናል። ምስሉ ላይ የሚቀባው ይህ ቁጥር ነው። ሪፖርቱን የሚያነበው ኃላፊ 239 ከ250 በታች መሆኑን አይቶ ብረቱ ገና አቅም እንዳለው ሊደመድም ይችላል። በእውነቱ ግን ስሌቱ በተካሄደበት ነጥብ ላይ ብረቱ ቀድሞውኑ እጅ ሰጥቷል። ያው አንድ ስሌት እንደ ማሳያው ምርጫ 268 ወይም 239 ሆኖ ሊነበብ መቻሉ፣ ሁለቱም ደግሞ ያልተሰሉ ቁጥሮች መሆናቸው የጉዳዩን ክብደት ያሳያል።

አማካይ የመውሰዱ ቅደም ተከተልም ራሱን የቻለ ልዩነት ያመጣል። በአንድ ኖድ ላይ አንዱ ኤለመንት 100 ሜጋ ፓስካል የመሳብ፣ ሌላው 100 ሜጋ ፓስካል የመጨመቅ ውጥረት ቢሰጥ፣ መጀመሪያ አማካዩ ተወስዶ የጠቅላላው ውጥረት መጠን ከተሰላ ውጤቱ ዜሮ ነው። መጀመሪያ የየኤለመንቱ ጠቅላላ መጠን ተሰልቶ አማካዩ ቢወሰድ ግን 100 ይሆናል። ኮንክሪትና ብረት በሚገናኙበት ወሰን ላይ የሁለቱን አማካይ መውሰድ ደግሞ ከነጭራሹ ትርጉም የለውም፤ ቁጥሩ የኮንክሪቱም የብረቱም አይደለምና።

በጎረቤት ኤለመንቶች መካከል የሚታየው ልዩነት ራሱ ጠቃሚ መረጃ እንደሆነም መዘንጋት አይገባም። ከላይ በተጠቀሰው ምሳሌ በ268.3 እና በ210 መካከል ያለው ከ58 ሜጋ ፓስካል የሚበልጥ ዝላይ፣ በዚያ ስፍራ ኤለመንቶቹ ከሚገባው በላይ ትልልቅ ወይም ቅርጻቸው የተዛባ ሊሆን እንደሚችል የሚጠቁም የማስጠንቀቂያ ምልክት ነው። ዚየንኬቪችና ዡ የተባሉት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1987 ያቀረቡት የስህተት መገመቻ ዘዴ የተመሠረተው በዚሁ ሐሳብ ላይ ነው። ዘዴው በቀጥታ የተሰላውን ውጥረት ከተለሰለሰው ውጥረት ጋር አነጻጽሮ፣ ልዩነቱ የሰፋበትን ስፍራ ስህተት የበዛበት አድርጎ ይወስዳል። የተለሰለሰው ብቻ ተቀምጦ በቀጥታ የተሰላው ከተጣለ ግን ማነጻጸር አይቻልም። ምስሉ ባማረ መጠን ማስጠንቀቂያውም አብሮ ይሰወራል።

ምን ምን ይቀመጥ?

ከዚህ በመነሣት መቀመጥ ያለበት በጋውስ ነጥቦች ላይ የተሰላው ቁጥር ራሱ መሆኑ ግልጽ ነው። ሆኖም ቁጥሩን ብቻውን ማስቀመጥ በቂ አይደለም። የጣቢያው ስም ያልተጻፈበት የዝናብ መዝገብ እንደማይጠቅም ሁሉ፣ የየትኛው ነጥብ እንደሆነ ያልተገለጸ የውጥረት ቁጥርም ዋጋ የለውም።

በመጀመሪያ ነጥቦቹ በኤለመንቱ ውስጥ የተቀመጡበት ቦታና የተሰጣቸው ክብደት መመዝገብ አለበት። ይህ ለእያንዳንዱ የኤለመንት ዓይነት አንድ ጊዜ ብቻ የሚጻፍ በመሆኑ የሚወስደው የማከማቻ ቦታ ኢምንት ነው።

ሁለተኛው የቁጥር አሰጣጥ ቅደም ተከተል ነው። የትኛው ነጥብ 1ኛ፣ የትኛው 2ኛ እንደሆነ፣ የኤለመንቱ ኖዶችም በምን ተርታ እንደተቆጠሩ ካልተገለጸ ፋይሉን የሚከፍተው ሌላ ፕሮግራም የአንዱን ነጥብ ቁጥር በሌላው ቦታ ሊያስቀምጥ ይችላል።

ሦስተኛው የውጥረቱ ክፍሎች ተርታ ነው። ውጥረት በሦስት አቅጣጫ ሲታይ ስድስት የተለያዩ ክፍሎች አሉት። ቀዳሚዎቹ አራቱ በብዙ ፕሮግራሞች ተመሳሳይ ተርታ ቢኖራቸውም፣ “አባቁስ” የተባለው ሶፍትዌር አጠቃላይ ስሌት የመጨረሻዎቹን ሁለቱን የሚጽፈው “ፓራቪው” የተባለው የምስል ማሳያ ከሚያነብበት በተቃራኒ ቅደም ተከተል ነው። ይህን ሳያስተውል መረጃውን ያዛወረ ባለሙያ ምንም ዓይነት የስህተት መልእክት ሳይደርሰው የተሳሳተ ምስል ያገኛል። በቅርጽ ለውጥ መጠን ላይም እንዲሁ አንዳንድ ፕሮግራሞች የመንሻፈፉን መጠን ሙሉውን፣ ሌሎች ግማሹን ስለሚጽፉ የሁለት እጥፍ ልዩነት ሊፈጠር ይችላል።

በአራተኛ ደረጃ መለኪያው ሜጋ ፓስካል ይሁን ሌላ፣ አቅጣጫዎቹ ከመላው መዋቅር አንጻር ይሁኑ ከኤለመንቱ አንጻር፣ ቁጥሩ የየትኛው የጭነት ደረጃ እንደሆነ መገለጽ ይኖርበታል። ስሌቱ የተሠራበት ሶፍትዌር ስምና እትምም አብሮ መመዝገቡ ከዓመታት በኋላ ለሚደረግ ማጣራት እጅግ ጠቃሚ ነው።

መረጃው የሚቀመጥባቸው መንገዶች

በሳይንሳዊ ምስል ማሳያ ዘርፍ በስፋት ከሚሠራባቸው መሣሪያዎች አንዱ ልማቱ እ.ኤ.አ. በ1993 የተጀመረው “ቪቲኬ” የተባለው የፕሮግራም ስብስብ ነው። “ፓራቪው” የተሰኘው ማሳያ የተገነባውም በዚሁ ላይ ሲሆን፣ ሥራው እ.ኤ.አ. በ2000 በኪትዌር ኩባንያና በአሜሪካው የሎስ አላሞስ ብሔራዊ ላቦራቶሪ ትብብር ተጀምሯል። ሁለቱም በነጻ የሚገኙ ናቸው።

ቪቲኬ በመሠረቱ መረጃን የሚያስቀምጠው በኖድ ላይ ያለ ወይም ለአንድ ኤለመንት በሙሉ የሚያገለግል አድርጎ ነው። በኤለመንቱ ውስጥ ላሉ የጋውስ ነጥቦች እንደ ኖድና እንደ ኤለመንት ሁሉ የተለመደ መደበኛ ቦታ የላቸውም። ባለሙያዎች ይህን ክፍተት ለመሙላት የተለያዩ መንገዶችን ይጠቀማሉ።

አንደኛው መንገድ የስምንቱንም ነጥቦች ቁጥሮች በአንድ ረጅም ረድፍ አድርጎ ለኤለመንቱ መስጠት ነው። ለመጻፍ ቀላል ነው፤ ነገር ግን የነጥቦቹ ቦታ በፋይሉ ውስጥ ስለማይገለጽ አንባቢው በሌላ ሰነድ ላይ ጥገኛ ይሆናል። የተለያየ የነጥብ ብዛት ያላቸው ኤለመንቶች ሲቀላቀሉም አይመችም።

ሁለተኛው መንገድ የጋውስ ነጥቦቹን ከኤለመንቶቹ ነጥሎ ራሳቸውን የቻሉ ነጥቦች አድርጎ በተለየ ፋይል ማስቀመጥ ነው። እያንዳንዱ ነጥብ በስሌቱ የተሰጠውን ቁጥር ብቻ ይዞ እንደ ትንሽ ቀለም ያለው ኳስ ይታያል። ምስሉ እንደ ለሰለሰው ቅብ ባያምርም ያልተሰላ ነገር አያሳይም። የእያንዳንዱ ነጥብ የኤለመንት ቁጥር አብሮ ከተጻፈ ወደ ምንጩ መመለስ ይቻላል።

ሦስተኛው መንገድ በራሱ በቪቲኬ ውስጥ የተዘጋጀው የጋውስ ነጥቦች መግለጫ ነው። በዚህ አሠራር ቁጥሮቹ በሙሉ በአንድ ረጅም ዝርዝር ውስጥ ይቀመጣሉ። ለእያንዳንዱ ኤለመንት ዝርዝሩ ከየት እንደሚጀምር የሚያመለክት ቁጥር ይሰጠዋል፤ ለእያንዳንዱ የኤለመንት ዓይነትም የነጥቦቹን ቦታና ክብደት የሚገልጽ መግለጫ ይያያዛል። ፓራቪው ይህን መግለጫ አንብቦ ነጥቦቹን በትክክለኛ ስፍራቸው ማሳየት ይችላል። የተለያየ የነጥብ ብዛት ያላቸው ኤለመንቶችንም ያለ ችግር ያስተናግዳል።

በፈረንሳይ የተወሰደው መንገድ ከዚህም አንድ እርምጃ የዘለቀ ነው። የሀገሪቱ የኤሌክትሪክ ኩባንያና የአቶሚክ ኃይል ኮሚሽን የሚጠቀሙበት “ሜድ” የተባለው የፋይል ዓይነት የጋውስ ነጥቦችን መረጃ እንደ አንድ ዋነኛ ክፍል ይቆጥራል። የነጥቦቹ ቦታና ክብደት በፋይሉ ውስጥ እንዲጻፍ ያደርጋል። ኩባንያው ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያበለጸገውና በ2001 በነጻ ለሕዝብ የለቀቀው “ኮድ አስተር” የተባለው የስሌት ፕሮግራም ደግሞ ለየዓይነቱ መረጃ የተለየ ስም ሰጥቷል። በጋውስ ነጥብ ላይ ያለው “ኤልጋ”፣ ወደ ኖድ ተራዝሞ ግን ከጎረቤት ጋር ያልተቀላቀለው “ኤልኖ” ይባላል፤ አማካዩ የተወሰደው ደግሞ ሌላ ስም አለው። የኒውክሌር ማመንጫዎችን ደህንነት በሚመለከት ሥራ ላይ ቁጥሩ የተሰላ ይሁን የተገመተ ከስሙ ብቻ መታወቁ ትልቅ ጥቅም አለው።

ሜድ የተመሠረተው “ኤችዲኤፍ 5” በተባለው የመረጃ ማከማቻ ስልት ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው ይህ ስልት አሠራሩ በይፋ የታተመና ለማንም ክፍት በመሆኑ፣ ፋይሉን የጻፈው ፕሮግራም ከገበያ ቢወጣ እንኳን መረጃውን ማንበብ ያስችላል። ለበርካታ አሥርት ዓመታት ለሚያገለግል ግድብ ወይም ድልድይ ይህ ባሕርይ ወሳኝ ነው።

የማከማቻ ቦታና የወጪ ጉዳይ

በዚህ አሠራር ላይ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ቅሬታ መረጃው ሰፊ ቦታ ይይዛል የሚል ነው። ቅሬታው መሠረት አለው። አንድ ሚሊዮን ጡብ መሰል ኤለመንቶች ያሉት ስሌት በየኤለመንቱ 8 የጋውስ ነጥቦች፣ በየነጥቡ 6 የውጥረት ክፍሎች ይኖሩታል። እያንዳንዱ ቁጥር 8 ባይት ሲይዝ ለአንድ የጭነት ደረጃ 384 ሜጋ ባይት ያስፈልጋል። ጭነቱ በ100 ደረጃዎች ቢሰላ መጠኑ 38.4 ጊጋ ባይት ይደርሳል። በኖዶች ላይ የተወሰደው አማካይ ግን የኖዶቹ ብዛት ወደ አንድ ሚሊዮን ቢጠጋ 4.8 ጊጋ ባይት ብቻ ነው። ልዩነቱ ስምንት እጥፍ ገደማ መሆኑ ነው።

ይሁንና ሸክሙን ማቅለል ይቻላል። በ8 ባይት ምትክ በ4 ባይት መጻፍ መጠኑን በግማሽ ይቀንሳል፤ እስከ ሰባት አሃዝ ገደማ የሚደርሰው ትክክለኛነትም ለምስልና ለማጣራት ይበቃል። ከ100ዎቹ ደረጃዎች ሁሉንም ሳይሆን ወሳኝ የሆኑትን ብቻ ሙሉ በሙሉ ማስቀመጥም ሌላው አማራጭ ነው። ከስድስቱ ክፍሎች ሊሰሉ የሚችሉ ተጨማሪ መጠኖችን ደግሞ በተለይ ማስቀመጥ አያስፈልግም።

ቁሱ ጭነቱ ሲነሣ ወደ ቀድሞ ቅርጹ ሙሉ በሙሉ የሚመለስና ጠባዩ የማይለወጥ ሆኖ ከተሰላ፣ የኖዶቹ እንቅስቃሴ፣ የኤለመንቶቹ መረብና የቁሱ መለኪያዎች ተጠብቀው ከቆዩ ውጥረቱን በማንኛውም ጊዜ ዳግም ማስላት ይቻላል። ኮንክሪቱ የሚሰነጠቅ ወይም ብረቱ እጅ የሚሰጥ ሆኖ ሲሰላ ግን ውጥረቱ ባለፈው ታሪክ ላይ ስለሚወሰን ይህ መንገድ አይሠራም። በጋውስ ነጥቦች ላይ የነበረው የጉዳት መዝገብ አንዴ ከጠፋ፣ ስሌቱን ከመጀመሪያው ከመድገም በስተቀር ከኖዶች አማካይ ተነሥቶ ማስቀጠል አይቻልም። ስለዚህ የቦታ ቁጠባው የት ላይ መሆን እንዳለበት የሚወስነው የቁሱ ጠባይ ነው።

ከመሥሪያ ቤቶች ምን ይጠበቃል?

የንድፍ ሥራ የሚያሠራ መሥሪያ ቤት ስሌቱን ራሱ እንዲሠራ አይጠበቅም። የሚረከበው ሰነድ ወደፊት ሊጣራ የሚችል መሆኑን ማረጋገጥ ግን ይኖርበታል። ብዙ ጊዜ የሚቀርበው ሪፖርት በቀለም የታተሙ ምስሎችን የያዘ ሲሆን፣ ምስል ደግሞ ዳግም አይሰላም። በመሆኑም የሥራው ቢጋር ሲዘጋጅ የስሌቱ መረጃ ከነምንጩ፣ በግልጽ በታወቀ የፋይል ዓይነት እንዲቀርብ ማካተት ተገቢ ነው።

በርክክብ ወቅትም ጥቂት ጥያቄዎችን ማንሣት ይቻላል። በምስሉ ላይ የሚታየው ከፍተኛ ቁጥር በጋውስ ነጥብ ላይ የተሰላ ነው ወይስ ወደ ኖድ የተራዘመ? አማካይ ተወስዷል ወይስ አልተወሰደም? በጎረቤት ኤለመንቶች መካከል ከፍተኛ ልዩነት የታየባቸው ስፍራዎች የትኞቹ ናቸው፤ ምንስ ተደረገ? ፋይሉ ስሌቱ ከተሠራበት ውጪ በሌላ ፕሮግራም ተከፍቶ ተሞክሯል? እነዚህ ጥያቄዎች ጥልቅ የሒሳብ ዕውቀት አይጠይቁም፤ መልሳቸው ግን ብዙ ነገር ይገልጣል።

የፋይሉን ትክክለኛነት ለመፈተሽም ቀላል መንገድ አለ። አንድ ኤለመንት ብቻ ያለው፣ በስድስቱ የውጥረት ክፍሎች ላይ ስድስት የተለያዩ የታወቁ ቁጥሮች እንዲያስገኝ ሆኖ የተጫነ አነስተኛ ናሙና ተሰልቶ ከዋናው ፋይል ጋር በተመሳሳይ መንገድ ይቀመጣል። ናሙናው በሌላ ፕሮግራም ሲከፈት ቁጥሮቹ በየቦታቸው ከተገኙ የክፍሎቹ ተርታና መለኪያው ትክክል መሆናቸው ይታወቃል። በሁለተኛ ናሙና ውጥረቱ ከአንድ ጫፍ ወደ ሌላው እየጨመረ እንዲሄድ ቢደረግ ደግሞ የጋውስ ነጥቦቹ ተርታ ይጣራል። ይህ የደቂቃዎች ሥራ ሲሆን ለዓመታት የሚዘልቅ መተማመኛ ይሰጣል።

መረጃን ከምንጩ ማቆየት ብቻውን ስህተትን አያስቀርም። የኤለመንቶቹ ቅርጽ የተዛባ ከሆነ በጋውስ ነጥቦቹ ላይ የተሰላው ቁጥርም አብሮ ይዛባል። ልዩነቱ መረጃው ከተጠበቀ ስህተቱን ፈልጎ ማግኘት የሚቻል መሆኑ ነው። በኖርዌይ ከአደጋው በኋላ የበለጠ ጥንቃቄ የተደረገበት የፋይናይት ኤለመንት ስሌት ሲሠራ፣ መዋቅሩ በ62 ሜትር ጥልቀት ላይ እንደሚሰበር አመልክቷል። በተግባር የተሰበረው በ65 ሜትር ላይ ነበር። ይህም ዘዴው በአግባቡ ከተሠራበት እውነቱን የመናገር አቅም እንደነበረው ያረጋግጣል። የጎደለው ቁጥሩ ከየት እንደመጣና እንዴት እንደተለወጠ በጊዜው መርምሮ መጠየቅ ነበር።

የስላይፕነር ኤ መድረክ በአዲስ መሠረት ላይ ተተክሎ እ.ኤ.አ. በ1993 ሥራ ጀምሯል። ከአደጋው የተገኘው ትምህርት ግን ለባሕር መድረኮች ብቻ የሚያገለግል አይደለም። የሕዝብ ሀብት የሚፈስባቸው ግንባታዎች ሁሉ የሚቆሙት በስሌት ላይ ነው፤ ስሌቱም የሚታመነው ወደ ምንጩ ተመልሶ ሊጣራ ሲችል ነው። “ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ” እንዲሉ አበው፣ የተዋበውን ምስል ከመረከብ አስቀድሞ ምስሉ የተቀዳበትን ቁጥር መጠየቅና በክብር ማቆየት ነገ ለሚነሣው ጥያቄ ዛሬ መልስ ማዘጋጀት ነው።